ክብሪቱም ውሃውም «ንጹህ ነው» ያሉት ማር ላብራቶሪ ላይ ለምን ወደቀ?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ላይ ማር እሸጣለሁ። ከጎጃም በ20 ኪሎ ባልዲ እረከብና በብልቃጥ እያሸግኩ አወጣዋለሁ። እያንዳንዱን ባልዲ በውሃ፣ በክብሪትና በወረቀት እፈትሻለሁ፤ ሁሉም ያልፋል። አንድ ደንበኛዬ ግን ማሩን አስመርምሮ ይህን ውጤት አመጣልኝ፦ እርጥበት 18.4 በመቶ፣ ፍሩክቶስና ግሉኮስ በድምሩ 62 በመቶ፣ ሱክሮስ 11.2 በመቶ፣ ኤችኤምኤፍ በኪሎ 14 ሚሊግራም። ስኳር ገብቶበታል ማለት ነው? ከእንግዲህ ስረከብ በምን ልፈትሽ?»

ምላሽ፦ አዎ፣ ስኳር ገብቶበታል። ወረቀቱ ከዚህም በላይ ይናገራል፤ በግምት ምን ያህል እንደገባ፣ በምን መልክ እንደገባም ይጠቁማል። መስመር በመስመር እንየው።

በሱክሮስ እንጀምር። ንብ ከአበባ የምትቀስመው ጣፋጭ ፈሳሽ ውስጥ ሱክሮስ አለ፤ ሱክሮስ ማለት ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር ራሱ ነው። ንቧ ከእጢዋ የምታወጣው ኢንቨርቴስ የሚባል ኢንዛይም ሱክሮሱን ለሁለት ይሰብረዋል፤ አንዱ ግሉኮስ፣ ሌላው ፍሩክቶስ ይሆናል። በበሰለ ማር ውስጥ ሳይሰበር የሚቀረው ሱክሮስ ጥቂት ስለሆነ ዓለም አቀፉ የኮዴክስ የማር ደረጃ ጣሪያውን 5 በመቶ ላይ አስቀምጦታል። የእርስዎ 11.2 ከእጥፍ በላይ ነው። እዚህ ላይ አቅራቢዎ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ከሆነ አንድ መከራከሪያ ሊያነሳ ይችላል። ኮዴክስ በተፈጥሮ ሱክሮሳቸው ከፍ ለሚል ጥቂት ዕፅዋት ጣሪያውን ወደ 10 ያነሳል፤ ከነሱም አንዱ እኛ ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ነው። እውነት ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ነገር ግን ያ የሚሠራው ማሩ በአብዛኛው ከቀይ ባሕር ዛፍ መቀሰሙ ሲረጋገጥ ነው፤ ቢረጋገጥም 11.2 ከ10 ይበልጣል። አደይ አበባና ኑግ ደግሞ ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

እርጥበቱ 18.4 ነው፤ ኮዴክስ እስከ 20 ስለሚፈቅድ አልፏል። ይህ ቁጥር ብቻውን ስለ ንጽሕና ምንም አይናገርም፤ ውሃው እስኪተን የተቀቀለ የስኳር ሽሮፕም ተመሳሳይ እርጥበት ሊኖረው ይችላልና። ሆኖም አንድ ሰበብ ይዘጋል። «ማሩ ሳይበስል ተቆርጦ ነው ሱክሮሱ የበዛው» የሚል አቅራቢ አይጠፋም። ሳይበስል የተቆረጠ ማር ሱክሮስ ይበዛበታል፤ ግን ውሃም ይበዛበታል፤ ብዙውን ጊዜ ከ20 በላይ ነው። የእርስዎ ማር ውሃው እንደ በሰለ ማር፣ ሱክሮሱ እንደ ጥሬ ማር ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ኤችኤምኤፍ የሚባለው በማር ውስጥ ያለ ስኳር፣ በተለይ ፍሩክቶስ፣ በአሲድና በሙቀት ሲፈርስ የሚፈጠር ነገር ነው። ኮዴክስ በኪሎ 40 ሚሊግራም፣ ከሞቃታማ አገር ለመጣ ማር 80 ይፈቅዳል። አዲስ የተቆረጠ ማር ላይ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። የእርስዎ 14 ማሩ ብዙ እንዳልሞቀ ያሳያል። ለእኛ ግን ሌላ ነገርም ይነግረናል። ጠንቀቅ ያለ ነጋዴ ስኳሩን በሎሚ ወይም በሲትሪክ አሲድ ይቀቅለዋል፤ አሲዱ የንቧን ኢንዛይም ሥራ ሠርቶ ሱክሮሱን ስለሚሰብረው የሱክሮስ ምርመራ ላይ ያልፋል። በዚያው ልክ ግን ኤችኤምኤፉ ሰማይ ይነካል። ስለዚህ ሱክሮስና ኤችኤምኤፍ ሁልጊዜ አብረው ይነበባሉ፤ አንዱን ለማምለጥ የሸሸ ሌላው ላይ ይወድቃል። ባልዲዎ ውስጥ የገባው እንዲያ የተለፋበት አይደለም፤ ተራ ስኳር በውሃ ቀልጦ፣ ወፈር እስኪል ፈልቶ የተጨመረ ነው።

መጠኑን እናስላ። ማሩ መጀመሪያ 2 በመቶ ሱክሮስ ነበረው፣ ሽሮፑ ደግሞ 80 በመቶ ስኳር ነው ብንል፣ ድብልቁ 11.2 እንዲሆን ከ100 ኪሎው 12 ኪሎ ያህሉ ሽሮፕ መሆን አለበት። በ20 ኪሎ ባልዲ ሲመነዘር 2.4 ኪሎ ነው። ሒሳቡን ከሌላው መስመር ጋር እናስተያየው፦ 70 በመቶ ፍሩክቶስና ግሉኮስ የነበረው ማር 88 በመቶው ብቻ ሲቀር 61.6 ይሆናል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው 62 ነው። ሁለቱ መስመሮች አንድ ታሪክ እየተናገሩ ነው። ያም ሆኖ 12 ትንሹ ግምት ነው። ኢንዛይሙ ማሩ ባልዲ ውስጥ ከገባ በኋላም ሥራውን አያቆምም፤ ወራት ባለፉ ቁጥር የተጨመረው ሱክሮስ ቀስ በቀስ ይሰበራል። ዛሬ 11 ያሳየ ማር ከሦስት ወር በፊት ከዚያ በላይ ያሳይ ነበር፤ ነገ ደግሞ ከ5 በታች ወርዶ «ሊያልፍ» ይችላል። የምርመራ ወረቀት ላይ ቀኑ እንደ ቁጥሩ ሁሉ ይታያል።

አንድ ጥርጣሬ ግን ይቀራል፤ ስኳሩን ያስገባው ነጋዴው ነው ወይስ ንቧ? አናቢዎች አበባ በሚጠፋበት ወቅት ለንብ ሽሮ፣ በሶና የስኳር ውሃ ይሰጣሉ። ይህ ለመንጋው ሕልውና ሲባል የሚደረግ ተገቢ ሥራ ነው፤ ሲመገቡ የነበሩ ንቦች አበባ ከፈካ በኋላም ስኳሩ ካልተቋረጠባቸው ግን ማር ብለው የሚያስቀምጡት እሱኑ ነው። ለመለየት ቀላሉ መንገድ ከአንድ አናቢ የመጡ ሦስት አራት ባልዲዎችን ለየብቻ ማስመርመር ነው። ሁሉም ተቀራራቢ ሱክሮስ ካሳዩ ነገሩ ከቀፎው የመጣ ሊሆን ይችላል። አንዱ 11፣ ሌላው 2 ከሆነ ባልዲው መንገድ ላይ ተከፍቷል።

አሁን ወደ ክብሪቱ እንምጣ።

የውሃው ሙከራ የሚለካው የፈሳሹን ክብደትና ውፍረት ነው። ማር ከውሃ 1.4 እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሳይበተን ወርዶ ብርጭቆው ሥር ይተኛል። 80 በመቶ ስኳር የያዘ ሽሮፕም ክብደቱ ከዚያ ብዙም አይለይም፤ እሱም ወርዶ ይተኛል። በተቃራኒው 21 በመቶ እርጥበት ያለው፣ ከእርጥብ አካባቢ የመጣ ንጹህ ማር ቶሎ ይበተንና «ወደቀ» ይባላል። ሙቀትም ይለውጠዋል፤ ያው ማር ጠዋት በብርድ ክር ሆኖ ይወርዳል፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ዘይት ይፈሳል። ክብሪቱም (ማር ነክሮ መጫር)፣ ወረቀቱም (ጠብታው ያርሰው እንደሆነ ማየት)፣ መሬት ላይ ጠብ አድርጎ አፈሩ ሲያድበለብለው ማየቱም የዚሁ የአንድ ጥያቄ ልዩ ልዩ መልክ ናቸው፤ «ነፃ ውሃ አለ ወይ?» ብቻ ነው የሚጠይቁት። በውሃ የተበረዘ ማር ይይዛሉ። ብርዝና መበረዝ አንድ ሥር መሆናቸው በከንቱ አይደለም፤ የጥንቱ ማታለያ ውሃ ነበር፣ ፈተናውም ለውሃ የተበጀ ነው። የዛሬው አታላይ ግን ውሃውን ራሱ አትንኖ ነው የሚመጣው።

ባልዲው ላይ የሚንሳፈፍ የማር እንጀራ ቁራጭ፣ ሁለት ሦስት የሞተች ንብ፣ ጫፉ ላይ ያለ ሰፈፍ ምንም አያረጋግጡም፤ ለጌጥ ይጨመራሉ። የመርጋት ጉዳይም ሁለቱንም ወገን ያሳስታል። «የረጋ ማር ስኳር ነው» የሚለው ስህተት ነው፤ ግሉኮሱ ከፍ ያለ ማር ይረጋል፣ በ14 ዲግሪ አካባቢ ሲቀመጥ ደግሞ ይፈጥናል። የትግራይና የላስታ ነጭ ማር እንደ ቅቤ የሚረጋው ተፈጥሮው ስለሆነ ነው። «ከረጋ ንጹህ ነው» የሚለውም እኩል ስህተት ነው። ነጭ ማር ውድ ስለሆነ ስኳር አብዝቶ የሚደባለቀውም እሱ ውስጥ ነው። ምላስ ላይ ያለው ልዩነት ግን ሊጠቅም ይችላል፦ የማር ርጋታ ደቃቅ ነው፣ ምላስ ላይ ቶሎ ቀዝቀዝ ብሎ ይሟሟል፤ ያልሟሟ ስኳር ባልዲው ሥር ዘቅጦ ሲገኝ በጥርስ መሐል እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ከላይ ሳይሆን ከሥር ይቅመሱ።

ይህ ወደ ናሙና አወሳሰድ ያመጣናል፤ ከመሣሪያው ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ከባልዲ አፍ በማንኪያ የተጨለፈ ናሙና አቅራቢው እንዲያዩት የፈለገውን ያሳያል። ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ንጹህ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ቀስ አድርገው እስከ ሥሩ ይስደዱ፣ አፉን በአውራ ጣት ደፍነው ያውጡ፤ ባልዲው ከላይ እስከ ታች ምን እንደሚመስል ቱቦው ውስጥ ያዩታል። ቀለሙ ወይም ውፍረቱ ደርዝ ከሠራ ባልዲው ሁለት ጊዜ ተሞልቷል። የቱቦውን ይዘት አዋህደው በሦስት ደረቅ ብልቃጥ ይክፈሉት፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለአቅራቢው፣ አንዱ ለላብራቶሪ። ሁለታችሁም እሽጉ ላይ ትፈርሙና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጣል።

የብዙ ባልዲ ናሙና በአንድ ላይ ቀላቅሎ ማስመርመር ገንዘብ የሚቆጥብ ይመስላል። እስቲ ያስሉት፦ ዘጠኝ ባልዲ 2 በመቶ ሱክሮስ ያለው፣ አንድ ባልዲ 30 በመቶ ያለው ቢሆን፣ ድብልቁ 4.8 ያሳያል። ኮዴክስን አለፈ። ከሲሶ በላይ ሽሮፕ የሆነ ባልዲ «ንጹህ» የሚል ወረቀት ይዞ ሱቅዎ ገባ ማለት ነው። ገንዘቡ ከጠበበ ሁሉንም ከመቀላቀል ይልቅ ሁለት ሦስቱን በዕጣ መርጦ ለየብቻ ማስመርመር ይሻላል፤ የትኛው እንደሚመረጥ አቅራቢው አስቀድሞ እንዳያውቅ።

በራስዎ እጅ ሊሠሩ የሚችሉት አራት ነገር አለ። እያንዳንዱ የሚይዘውንና የማይዘውን ለይተው ይወቁ።

የእጅ ሪፍራክቶሜትር፣ ማለትም በብርሃን መታጠፍ እርጥበትን የሚለካ መሣሪያ። ለማር የተሠራውን ይግዙ፤ ለጭማቂ የተሠራው ስኬል ማር ጋ አይደርስም። ሲያስተካክሉት በውሃ አይደለም፣ ውሃ ከስኬሉ ውጭ ነው። አብሮ የሚመጣው ዘይትና ብርጭቆ ከጠፋ ጥሩ የወይራ ዘይት በ20 ዲግሪ ሙቀት በብሪክስ (የስኳር መጠን በመቶኛ የሚነበብበት ስኬል) 71.5 ገደማ ያነባል፣ በእሱ ያስተካክሉት። መሣሪያዎ የሚያሳየው ብሪክስ ብቻ ከሆነ «100 ሲቀነስ ብሪክስ» ብለው እርጥበት እንዳያወጡ፤ ብዙ ሰው እዚህ ይስታል። ብሪክስ ለተራ ስኳር የተሠራ ስኬል ስለሆነ ለማር 98.4 ላይ ብሪክሱን መቀነስ ይቀርባል። 80 ያነበበ ማር እርጥበቱ 18.4 እንጂ 20 አይደለም። የረጋ ማር መስመሩን ያደበዝዘዋል፤ ክዳኑ በተዘጋ ብልቃጥ ከ50 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቅ ውሃ አቅልጠው፣ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሲመለስ ያንብቡ። ይህ መሣሪያ እርጥበት ይነግርዎታል፣ ማሩ ይቦካል ወይስ አይቦካም የሚለውንም ይጠቁማል። ስኳር አይይዝም። «በሪፍራክቶሜትር የተረጋገጠ ንጹህ ማር» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ሻጩ መሣሪያውን አያውቀውም፤ ወይም በደንብ ያውቀዋል።

አዮዲን። ዱቄት የተጨመረበትን ማር ይለያል። አንድ ማንኪያ ማር በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጠው ለደቂቃ ያፍሉ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ያቀዝቅዙ፣ ከመድኃኒት ቤት በተገዛ ቲንክቸር አዮዲን ሁለት ሦስት ጠብታ ያክሉ። ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ስታርች አለ፤ የስንዴ ወይም የበቆሎ ዱቄት ነው። ማፍላቱ ስታርቹን ለመክፈት ነው፤ ማቀዝቀዙ ደግሞ ሰማያዊው ቀለም በሙቅ ውስጥ ስለሚጠፋ ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው የተጭበረበረውን «አለፈ» ይላል። ፈዘዝ ያለ ለውጥ ብቻ ካዩ አይደንግጡ፤ የአበባ ዱቄት ራሱ ጥቂት ስታርች ይዟል፣ ለንብ የተሰጠ በሶም አሻራ ይተዋል።

ማጥለል። 100 ግራም ማር በለብ ባለ ውሃ አቅጥነው አስቀድመው በመዘኑት የቡና ማጣሪያ ወረቀት ያጥልሉ፣ ወረቀቱን አድርቀው መልሰው ይመዝኑ። ኮዴክስ ለተጣራ ማር 0.1 በመቶ፣ ለተጨመቀ 0.5 በመቶ የማይሟሟ ነገር ይፈቅዳል፤ ለ100 ግራም ሲሆን 0.1 እና 0.5 ግራም ማለት ነው። ግራም ሚዛንዎ 0.01 ግራም የማያነብ ከሆነ አይልፉ። ሙዝ የተፈጨበት ማር ወረቀቱ ላይ ተጣባቂ ቡናማ ክር ይተዋል፤ ሰምና የአበባ ዱቄት ግን ከዚያ በመልክም በጠረንም ይለያሉ።

አራተኛው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ እስክርቢቶ ነው፤ በእኔ አስተያየት ለነጋዴ ከክብሪት መቶ ጊዜ ይበልጣል። ማር ውስጥ ከአፈርና ከአበባ የመጣ ማዕድን አለ፣ ስኳር ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስኳር በገባ ቁጥር አስተላላፊነቱ ይወርዳል። አለካኩ፦ 20ን ለ(100 ሲቀነስ እርጥበት) ያካፍሉና በ100 ያባዙ፤ ለ18.4 እርጥበት 24.5 ግራም ይመጣል። ያን ያህል ማር በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ አሟሙተው በትክክል 100 ሚሊሊትር ያድርሱት፣ በ20 ዲግሪ ያንብቡ። የቧንቧ ውሃ ራሱ ማዕድን ስላለው ውጤቱን ያበላሻል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ አሲዱን ይዘው እንዳይመለሱ ብቻ ጠርሙሱን ያንብቡ። እስክርቢቶው የሚያሳየው በማይክሮሲመንስ ከሆነ 500 ማይክሮሲመንስ ማለት 0.5 ሚሊሲመንስ ነው፤ የአበባ ማር ጣሪያ 0.8 ነው። ታችኛው ወሰን ግን የለም፤ ነጭ ማር በተፈጥሮው ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ከማነጻጸሪያ ጋር ነው፦ ቀፎው አጠገብ ቆመው፣ እንጀራው ሲቆረጥ አይተው የወሰዱት የዚያው አካባቢና የዚያው ወቅት ማር። ማነጻጸሪያው 0.50 ሆኖ ባልዲው 0.28 ካሳየ ግማሽ የሚጠጋው ማር አይደለም። የእርስዎ 12 በመቶ ግን 0.50ን ወደ 0.44 ብቻ ነው የሚያወርደው፤ ይህ በአንድ መንደር ሁለት ቀፎ መሐልም የሚታይ ልዩነት ስለሆነ እስክርቢቶው አይይዘውም። ትልቁን ሌባ ይይዛል፣ ትንሹን ለላብራቶሪ ይተዋል።

ላብራቶሪ ሲሄዱ «የማር ጥራት ምርመራ» ብለው ብቻ አይዘዙ። ቢያንስ እርጥበት፣ ፍሩክቶስና ግሉኮስ፣ ሱክሮስ፣ ኤችኤምኤፍ፣ ዲያስቴስና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በስም ይጠይቁ። ዲያስቴስ የማር ኢንዛይም ነው፣ ከ8 በታች መውረድ የለበትም፤ ኤችኤምኤፍ ከፍ ብሎ ዲያስቴስ ከወረደ ማሩ በእሳት ተጎድቷል። ኤችኤምኤፍ ከፍ ብሎ ዲያስቴስ ደህና ከሆነ ደግሞ በአሲድ የተቀቀለ ስኳር ከጤናማ ማር ጋር መደባለቁን ይጠርጥሩ።

ክርክሩ ትልቅ ገንዘብ ካለበት የመጨረሻው ዳኛ የካርቦን አይሶቶፕ ምርመራ ነው። ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ካርቦንን የሚይዙበት መንገድ ንብ ከምትቀስማቸው ከአብዛኞቹ ዕፅዋት ይለያል፤ ስለዚህ ስኳራቸው ውስጥ ያለው የካርቦን 13 (ከበድ ያለው የካርቦን ዓይነት) መጠን ከፍ ይላል። ምርመራው የማሩን ስኳር ከራሱ ከማሩ ፕሮቲን ጋር ያነጻጽራል፤ ከ7 በመቶ በላይ የአገዳ ስኳር ካለ ይለያል። ንቧ የተመገበችውም ስኳር ቢሆን አያመልጥም። የወንጂ፣ የመተሐራና የፊንጫ ስኳር ሁሉ የአገዳ ስለሆነ የእኛ አገር አታላይ ለዚህ ምርመራ የተመቸ ነው፤ የእርስዎ 12 በመቶም ይያዛል። ምርመራው የሚቸገረው በሩዝ፣ በስንዴና በሹገር ቢት ሽሮፕ ነው፤ ካርቦናቸው እንደ ማር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረገው ፍተሻ ከውጭ ከገቡ 320 ናሙናዎች 46 በመቶው የተጠረጠሩት በአብዛኛው በእንዲህ ዓይነት ሽሮፕ ነበር፤ ለመለየትም ሌሎች ረቂቅ መሣሪያዎች አስፈልገዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ወደ ኅብረቱ ማር እንዲልኩ ከተፈቀደላቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ወደዚያ ሊልኩ ካሰቡ ገዥዎ የሚያዘው ምርመራ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁት።

አሁን እጅዎ ላይ ስላለው ዕቃ። ደንበኛዎ ያስመረመረው ብልቃጥ ከየትኛው ባልዲ እንደታሸገ ይለዩ፤ መዝገብ ከሌለዎት ከዛሬ ጀምሮ ባልዲውን ቁጥር ይስጡትና ቁጥሩን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። ከዚያው አቅራቢ የቀሩትን ባልዲዎች ለሽያጭ አይክፈቱ፣ አይቀላቅሉ፤ በቱቦ ናሙና ወስደው ለየብቻ ያስመርምሩ፣ በቶሎ፣ ሱክሮሱ ሳይሰበር። የወደቀውን «ከጥሩው ጋር ላመጣጥነው» የሚል ሐሳብ ቢመጣብዎ ያ ራሱ መበረዝ ነው፤ ኮዴክስ ማር ተብሎ በሚሸጥ ነገር ላይ ምንም ዓይነት ሌላ ምግብ እንዲጨመር አይፈቅድም። ማር ብለው ሊሸጡት አይችሉም። ለጠጅ ቤት በግልጽ «ስኳር ያለበት ነው» ብለው በዋጋው ቢሰጡት ግን የሚወስድ አይጠፋም፤ እርሾ ስኳሩን ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ከአቅራቢው ጋር የሚቀጥሉ ከሆነ ውሉ ላይ «ንጹህ ማር» ከሚል ቃል ይልቅ ቁጥር ያስገቡ፦ እርጥበት ከ20 ያልበለጠ፣ ሱክሮስ ከ5 ያልበለጠ፣ ኤችኤምኤፍ ከ40 ያልበለጠ፤ ናሙናው በሁለታችሁ ፊት በቱቦ ተወስዶ ሦስት ቦታ የታሸገ፤ የወደቀ ባልዲ የምርመራውንም የመመለሻውንም ወጪ አቅራቢው የሚችልበት።